ፈረስሽ እንዴት ሰነበተ?

እናንተ የማትፈሩትን ነገር ሌላ ሰው እንዲፈራው አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ዋሽታችሁ ማለቴ አይደለም። እውነት የሆነውን ነገር ግማሹን ብቻ፣ ጊዜውን ጠብቃችሁ፣ ሰውየውን መርጣችሁ ነግራችሁ፣ ከዚያ ዘወር ብላችሁ ራሳችሁ ተቃራኒውን አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌያለሁ። ያደረግሁትም አብራኝ በምትኖር፣ ድንች ቀቅላ በምትጠብቀኝ ጓደኛዬ ላይ ነው።

መምህር ስለሆንኩ ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ።

ያን ጊዜ እንጅባራ፣ እኛ ቆሰበር በምንላት ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ስሜ ብርቱካን ነው። ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ሥርዓት እወዳለሁ። ጠመኔዎቼን በየቀለማቸው ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ ከባድ ውሳኔ ሲገጥመኝ ደግሞ ደብተር አወጣለሁ። በግራው ገጽ የሚያስፈራኝን ሁሉ እጽፋለሁ፤ በቀኙ ገጽ፣ ትይዩውን፣ ለእያንዳንዱ ፍርሃት ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን መልስ። ተማሪዎቼ ልማዴን ስለሚያውቁ ፈተና ሲከብዳቸው «ቲቸር፣ ቀኙ ገጽ ምን ይላል?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አብራኝ የምትኖረው ትርንጎ ፊዚክስ ታስተምራለች። ስማችንን ይዘው መምህራኑ «ፍራፍሬዎቹ» ይሉናል። የስፖርት መምህሩ አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ «ብርቱካንስ የትም አለ፤ ትርንጎ ግን በስንት ፍለጋ!» ብሎ ሁሉም ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ማታ ግን ልብሴን ሳጥፍ ቀልዱ ተመልሶ መጣብኝ። እውነት ነበራ። ትርንጎ አገውኛ ከእናቷ፣ አማርኛ ከትምህርት ቤት ነው የለመደችው፤ በሁለቱም ሰው ታስቃለች። ገበያ ስንወጣ ለእኔ ዋጋ የሚቆልሉ ሴቶች እሷ በአገውኛ አንድ ቃል ጣል ስታደርግ ምራቂ ድንች ይጨምራሉ። ተማሪዎች ደብተር ተሸክመው የሚከተሉት እሷን ነው። እኔ አብራርቼ አብራርቼ የማላስረዳውን እሷ ድንጋይ ወደ ላይ ወርውራ በመያዝ ታስረዳለች።

ቅናቴ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ናይሮቢ መጣች።

ኮሮና ከመግባቱ በፊት ለሳይንስ መምህራን ናይሮቢ ላይ የሚሰጥ የአንድ ወር ሥልጠና ነበረ። ከትምህርት ቤታችን የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ፓስፖርት አወጣሁ፤ ሻንጣ ገዛሁ፤ ጎረቤቶች «በሰላም ግቢ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ በሽታው ገባና አየር መንገዱም ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ሻንጣዬ አልጋ ሥር ገብቶ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነ። ትርንጎ ከሌላ ወረዳ ተዛውራ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ትምህርት ተከፍቶ ነገር ሁሉ ሲረጋጋ ሥልጠናው እንደገና መጣ። ቦታው ያው አንድ ነው፤ ውድድሩ ግን እንደ አዲስ ሆነ። እኔና ትርንጎ አለፍን፤ ነጥቧ ከእኔ በለጠ። ርእሰ መምህራችን ደብዳቤውን ሲያነብልን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ሁለቱም እጩዎች በሦስተኛው ሳምንት እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት የኮሮና ክትባት ማስረጃ ያቅርቡ፤ ያላቀረበ ይሰረዛል። «ሁለታችሁም ካመጣችሁ የምትሄደው ትርንጎ ናት» አለ። «አንዷ ከቀረች ደግሞ ያመጣችው።»

ትርንጎ እጄን ጨብጣ «ማናችንም ብንሄድ ያው ነው፣ አይደል ብርቱዬ?» አለችኝ።

«ያው ነው» አልኩ። ያው አልነበረም። ያ ቦታ የእኔ ነበር። በሽታ ነው የነጠቀኝ፤ አሁን ደግሞ በሽታው ሲመልስልኝ መሐል መንገድ ላይ እሷ ቆማ ተቀበለችው።

ስለ ክትባቱ እኔም ፍርሃት ነበረኝ፤ የማስመሰል አይደለም። ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ መርፌ ተወግቼ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሼ አጥሮ፣ አባቴ ተሸክሞኝ ሮጧል። ስለዚህ ደብተሬን አወጣሁ። በግራው ገጽ፦ አዲስ ነው፤ በፍጥነት ተሠራ፤ መርፌ አብጦብኝ ያውቃል፤ ደም ያረጋል ይባላል፤ ሴትን ያመክናል ይባላል። ሁለት ሳምንት ጠየቅሁ። የጤና መኮንን የሆነ የአጎቴን ልጅ በስልክ አሰለቸሁት። ቀኙ ገጽ ቀስ በቀስ ሞላ። ፍጥነቱ ገንዘብና ሰው በአንድ ጊዜ ስለተረባረበበት እንጂ ሙከራው ስለተዘለለ አይደለም። የደም መርጋቱ እውነት ነው፣ ግን በጣም ጥቂት ሰው ላይ የታየ ነው፤ በሽታው ራሱ ከዚያ የበለጠ ደም ያረጋል። ማምከኑ ምንም ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው። የእኔ እብጠት ግን ለባለሙያ መነገር አለበት፤ ከመርፌው በኋላም ግማሽ ሰዓት ጤና ጣቢያው ውስጥ ልቀመጥ። ከታች አሰመርኩና «እወጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ቀነ ገደቡ ባለበት ሳምንት ሰኞ ዕለት ይህንኑ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በጠመኔ አስረዳሁ፤ አንዲት ልጅ ስለ ማምከኑ ስትጠይቀኝ በጥሩ ሁኔታ መለስኩላት።

ረቡዕ ከትምህርት ስንመለስ ዝናብ ያካፋ ነበር። ትርንጎ የቀቀለችውን ድንች እየላጠች በሚጥሚጣ እንበላለን።

«ብርቱዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂብኝ» አለች።

«ምንድን ነው?»

«እናቴ ደውላ ስታለቅስ ነበር። ክትባቱ ማሕፀን ይዘጋል ብለዋታል። ታውቂያለሽ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው። እኔ አላምንም፤ ግን ሰው ሲያለቅስብሽ ሆድሽ ይፈራል። አንቺ ባዮሎጂ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ለስድሳ ልጆች የተናገርኩት ነው። ተነሥቼ ደብተሩን አመጣሁ። ገልጬ ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጠው ቀኙን ገጽ ወደ ኋላ አጥፌ በመዳፌ ያዝኩት። ያሳየኋት ግራውን ብቻ ነው።

ድንቹን አስቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «አዲስ ነው... በፍጥነት... ደም ያረጋል...» ቀና አለች። «ይኸ ሁሉ አለው እንዴ?»

«የሚባለውን ነው የጻፍኩት።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አዲስ ነገር ነው። እኔ ብሆን አልቸኩልም ነበር።»

ልብ በሉ፤ ከመጨረሻዋ ቃል በቀር ውሸት የለበትም። ያቺ የመጨረሻዋ ግን ጥርት ያለች ውሸት ነበረች። ቆሰበር ላይ ክትባቱ እንዳለቀ፣ በአንድ መርፌ የሚያበቃው ዓይነት ዳንግላ ጤና ጣቢያ ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንደሚሰጥ ደውዬ አጣርቻለሁ። ለሐሙስ ጠዋትም ከምክትል ርእሰ መምህሩ ፈቃድ ወስጃለሁ።

ትርንጎ «እንግዲህ ናይሮቢ ትቅርብኝ። አንቺ ካልሽ አበቃ» ብላ ትልቁን ድንች ልጣ ለእኔ አቀበለችኝ። በላሁት።

ጠዋት «ዞን ትምህርት መምሪያ ጉዳይ አለኝ» ብያት ወጣሁ። መናኸሪያ የመጨረሻውን የሚኒባስ ወንበር አገኘሁ። አዲስ ቅዳም ላይ የከሰል ጆንያ ሲጭኑ ቆመን ስንጠብቅ በመስኮቱ እያየሁ ራሴን አሳመንኩ። እኔ አልከለከልኳትም። ሐኪም መጠየቅ ትችል ነበር። ትልቅ ሰው ናት። ደግሞስ እጮኛ አላት፣ እናት አላት፣ ሁለት ቋንቋ አላት፤ ለእኔ አንድ ወር ናይሮቢ ቢበዛብኝ ነው?

ዳንግላ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነበር። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ጋሪ ያዝኩ። ጋሪ ነጂው ሽበት የጀመራቸው፣ ጋቢያቸውን በጎማ ጫማቸው ላይ ከፍ አድርገው የታጠቁ ሰው ናቸው።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ጤና ጣቢያ አባቴ።»

«አመመሽ እንዴ?»

«ዘመድ ልጠይቅ ነው።» አፌ እንግዲህ ለምዷል።

ጥቂት እንደሄድን ዓይኔ ከፈረሱ ግንባር ላይ አረፈ። ፈረሱ ዳማ ነው፤ በግንባሩ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ተጎንጉኖ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ሦስት ቢጫ ቋጠሮ። ያን ክር አውቀዋለሁ። ቆሰበር ገበያ ላይ ቀዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቢጫውን ቋጠሮ የቋጠረችው ትርንጎ፣ «ለአባዬ ፈረስ» ብላ። አባቷ ዳንግላ ጋሪ እንደሚነዱ ነግራኝ ነበር፤ ዳንግላ ውስጥ ግን ስንት ጋሪ አለ! እኔን አይተውኝ አያውቁም። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ።

«ቆንጆ ክር ነው» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ እንጃ።

«ልጄ ናት የሠራችው!» ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ። «ቆሰበር መምህር ናት። ፊዚክስ። ውጭ አገር ልትላክ ነበር፤ ትናንት ደውላ ቀረሁ አለችኝ።»

«ምነው?»

«ክትባቱን ፈርታ። እኔም እናቷን ተይ ብዬ ነበር። የሷን ልቅሶስ ልጄ አትሰማም ነበር። አብራት የምትኖር ብርቱካን የምትባል መምህርት አለች፤ እሷ ናት ቆይ ያለቻት። ልጄ እሷን ታምናለች። 'አባዬ፣ ብርቱካን ሳታጣራ አንድ ቃል አይወጣትም፤ ሁሉን ጽፋ ነው የምትይዝ' ትለኛለች። ስለሷ ስታወራ አፏ አይደክማትም።»

ቀናሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እዚያች ጋሪ ላይ፣ ሥራዬ ፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ የቀናሁት በአባቷ ነው። የእኔ አባት ስለ እኔ ለማያውቀው ሰው እንዲህ የሚያወራ አይመስለኝም። እሷ ስለ እኔ ይህን ሁሉ ታወራለች፤ እኔ ግን ስለ እሷ ለማን ምን ብዬ አውቃለሁ?

አያ ቸኮል፣ ስማቸው ይህ ነው፣ ልጓሙን ላላ አደረጉ። «እኔ ግን አንድ ነገር ጠይቂያት አልኳት። ያቺ መምህርት የራሷ ፈረስ ተወግቷል ወይ?»

«የምን ፈረስ?»

ሳቁ። «የኛ አገር ነገር ነው። አንድ ዓመት የፈረስ በሽታ ገባና አንድ የእንስሳት ሐኪም መርፌ ይዞ መጣ። ማንም ፈረሱን አላወጣም። ፈረስ እኮ ለኛ ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሣና 'የአንተ ፈረስ ተወግቷል ወይ?' አለው። ልጁ አልተቆጣም። ሄዶ የራሱን ፈረስ ስቦ አመጣና ፊታችን ወጋው። ሦስት ቀን አየነው። በላ፣ ጠጣ፣ አሽካካ። ከዚያ ሁላችን ተሰለፍን።»

«ሁላችሁም?»

«አይ፣ እሱ ነው ነገሩ። አንድ ጎረቤታችን እየዞረ 'ተዉ፣ አዲስ ነገር ነው፣ አትቸኩሉ' ይል ነበር። አምስት ስድስት ሰው ሰማው። ኋላ ስናጣራ የራሱን ፈረስ ጎረቤት ቀበሌ ወስዶ በስውር አስወግቷል! ለምን መሰለሽ? የጥር ጊዮርጊስ የፈረስ ግልቢያ ነበረ፤ የኛ ፈረሶች ታመው ሲቀሩ እሱ ብቻውን ሊጋልብ።»

«ምን አደረጋችሁት?»

«ምን እናደርገዋለን? ምንም። ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ይሁን ለቅሶ ላይ ባገኘነው ቁጥር 'ፈረስህ እንዴት ሰነበተ?' እንለዋለን። ፈረሱ እኮ ከሞተ ቆየ!» ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የራሴን ሳቅ ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረድኩ። እሳቸው ሌላ ተሳፋሪ እስኪገኝ ፈረሱን አጥሩ ጥግ አቁመው ገለባ አቀረቡለት።

ውስጥ አግዳሚ ላይ ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል። እኔ ስምንተኛ ሆንኩ። ነርሷ ፈጣን፣ ቀልድ የማትወድ ሴት ናት። «ተመልከቱ» አለች፤ «አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው። ከተከፈተ በኋላ አያድርም፤ ይደፋል። የመጨረሻው ብልቃጥ ነው፤ አሥር ካልሞላችሁ አልከፍተውም። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።»

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ማንም አልመጣም። አንድ ጎልማሳ ወጥቶ መንገደኛ ሊጠራ ሞከረና ተመለሰ። «እንኳን ሊገቡ፣ እኔንም ውጣ አሉኝ። ሁሉም ገና ነው፣ አትቸኩል ነው የሚለው።»

ያን ጊዜ ሒሳቡ ገባኝ። ሁለት ሰው ጎድሏል። አንዷ ቆሰበር ናት፤ እኔው ያስቀረኋት። ሌላው በር ላይ ፈረስ እያበላ ነው። «አትቸኩሉ» የሚለውን ቃል እኔ ቤቴ ውስጥ ስናገረው ሌላው ሌላ ቦታ ይናገረዋል፤ ዞሮ ዞሮ ብልቃጡ ተዘግቶ ይቀራል፤ ለእኔም ጭምር።

ስልኬ ጠራ። ትርንጎ ናት።

«ብርቱዬ፣ ዞን ነሽ? ስሚ፣ አባዬ ትናንት አንድ ነገር ጠይቂያት ብሎኝ ረስቼው። ሞኝ ነገር ነው። አንቺስ? አንቺ ትወጊያለሽ ወይስ ትተዪዋለሽ?»

እውነቱን ያስወጣኝ ደግነት ይሁን ብልቃጡን ለማስከፈት የጎደሉት ሁለት ሰዎች፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ሁለቱም አፌን የከፈቱ ይመስለኛል።

«ዳንግላ ነኝ» አልኩ። «ጤና ጣቢያ። ሰልፍ ላይ።»

«ለማን?» አለች።

«ለራሴ።»

ሳላቆም ቀጠልኩ።

«ትርንጎ፣ ደብተሩ ቀኝ ገጽ አለው። አጥፌ ይዤው ነበር። ያመክናል የሚባለው ውሸት ነው፤ ሰኞ ለተማሪዎቼ ተናግሬዋለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ሰው ጎድሏል፤ አሁን ሚኒባስ...»

መስመሩ ተቋረጠ። እሷ ዘግታው ይሁን ኔትወርኩ ጠፍቶ አላወቅሁም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አለኝ።

ወጣሁ። አያ ቸኮል ገለባውን እየሰበሰቡ ነው። ወደ እሳቸው ተጠጋሁ።

«አያ ቸኮል፣ ብርቱካን እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ከነጠላዬ ጀምረው እስከ ጫማዬ ተመለከቱኝ፤ ጤና ጣቢያውን አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደ ፈረሳቸው ዞረው ያን ቀይ ክር አስተካከሉና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ፈረስሽ እንዴት ሰነበተ?» አሉኝ።

በሕይወቴ ስድብ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው አላባበሉኝም። «ነገርሻት?» አሉ።

«አሁን ነገርኳት።»

«እንግዲያ ትምጣ አትምጣ የሷ ነው። ከመጣች እኔም ከሷ ጋር እገባለሁ፤ አሥር ትሞላላችሁ። ካልመጣች አንቺም እንደመጣሽ ትመለሻለሽ።»

ወደ አግዳሚው ተመለስኩ። አራት ሰዓት ተኩል። አምስት ሰዓት። አንዲት እናት «እኔስ ሥራ አለኝ» ብለው ሊነሡ ሲሉ ነርሷ ለመነቻቸው። አምስት ተኩል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚያ ተቀምጬም ሁለት ልብ ነበርኩ። አንዱ ልቤ «ትምጣ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከመጣች ናይሮቢ የሷ ናት» ይላል። ሁለተኛው ልብ በእንባ አይለቀቅም።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ የጋሪ ቃጭል ሰማሁ። ትርንጎ ከአባቷ ጋሪ ዘላ ወረደች፤ መንገድ ላይ ሆና ደውላላቸው ከመናኸሪያ ያመጧት እሳቸው ናቸው። ፀጉሯ በዝናብ ርሷል። ሰላም አላለችኝም።

«ደብተሩን» አለች።

ሰጠኋት። ቆማ ገለጠችው። ቀኙን ገጽ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ የታጠፈበትን መስመር በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው። ወደ ነርሷ ሄዳ ስለ ማምከኑ ጠየቀች፤ ነርሷም አይታ አለማወቋን፣ ማስረጃም አለመኖሩን፣ እርጉዝ ከሆነች ግን መናገር እንዳለባት ነገረቻት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። ጣቷ ግራው ገጽ ላይ ነው።

«መርፌ አብጦብኝ ያውቃል የሚለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ልጅ ሆኜ።»

«ትንፋሽ አጥሮሽ?»

«አዎ።»

«እና ለብቻሽ መጣሽ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ አግዳሚው ሁሉ ዞረ። «ብታብጪስ? ትንፋሽሽ ቢያጥርስ? ማን ሊይዝሽ ነበር፣ አንቺ ደደብ!»

የምትሰድበኝ በከዳኋት ነገር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስለ ትንፋሼ ነበር የተቆጣችው።

ብልቃጡ ተከፈተ። አያ ቸኮል «ፈረሱ ይቅደም» ብለው ሁሉንም አሳቁና መጀመሪያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለነርሷ እብጠቴን ነገርኳት፤ መድኃኒት አጠገቧ አስቀምጣ በመጨረሻ ወጋችኝ። ሌሎቹ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀመጡ እኔ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ትርንጎ ልትሄድ ትችል ነበር፤ አልሄደችም። አንድም ቃል ሳትናገረኝ፣ ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል፣ ግማሹን ሰዓት አጠገቤ ተቀመጠች። አላበጥኩም። ማታ ሁለታችንም ክንዳችንን ይዘን በትኩሳት ተኛን፤ በማግሥቱ ለቀቀን። ወረቀታችንን ዓርብ ጠዋት አስገባን።

የሄደችው ትርንጎ ናት።

ታረቅን፣ ተቃቀፍን ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ሻንጣ አልነበራትም፤ ሽንኩርቱን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ የእኔን ሰጠኋት። ስትቀበለኝ «ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ያ ነበር። መናኸሪያ ሸኝቻት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በእኔ ሻንጣ ላይ ክንዷን አስደግፋ እጇን ስታውለበልብልኝ ቅናቱ እንደ ቃር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አሁንም ይመጣል። ፎቶ ስትልክልኝ መጀመሪያ የማየው የእሷን ፊት አይደለም፤ ከኋላዋ ያለውን ከተማ ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ቅናት ራሱን «ጥንቃቄ» ብሎ መጥራት እንደሚችል አወቅሁ። የክትባት ፍርሃት የሚናቅ አይደለም፤ የእኔም እውነተኛ ነበር፤ መጠየቅ፣ መመዘን፣ ለባለሙያ መናገር ተገቢ ነው። ሚዛን ግን ሁለት ሳህን አለው። አንዱን በመዳፋችን ሸፍነን ሌላውን ለሰው ካሳየን የያዝነው ሚዛን ሳይሆን ወጥመድ ነው። እኔ ደግሞ ያን ወጥመድ ያጠመድኩት በእውነት ቃላት ነበር።

ናይሮቢ በገባች በሦስተኛው ቀን ደወለች። ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ትራፊኩ አወራችልኝ። ልትዘጋ ስትል፣

«እሺ ብርቱዬ፣ ፈረስሽ እንዴት ሰነበተ?» አለች።

አባቷ ነግረዋት ኖሯል። ከዚያ ሳቋን ሰማሁ፤ የጥንቱ ሳቋ። «ይበላል፣ ይጠጣል» አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታችን ይኸው ነው።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። ስለ መድኃኒት ይሁን ስለ ጉዞ፣ ስለ ትዳር ይሁን ስለ ሥራ፣ ሰው ፈርቶ ሲጠይቃችሁ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ወረቀት እጠፉ። በግራው የሚያስፈራውን፣ በቀኙ የምታውቁትን መልስ ጻፉ። ከሥር ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ወይም ልታደርጉ እንዳሰባችሁ በአንድ መስመር አስፍሩ። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግታችሁ፣ ሳታጥፉ፣ ለጠያቂው ስጡት። እጃችሁ አንዱን ገጽ ለመሸፈን ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ደግሞ እዚያው ቆም በሉና ስለ ራሳችሁ ፈረስ ራሳችሁን ጠይቁ። እስቲ ዛሬውኑ ሞክሩት።